የትንሽ ሸራ ጀልባ መሪ ሲሰነጠቅ፣ ሲሸረፍ፣ ሲላላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሪ ስል መኪና ላይ ያለውን ክብ ነገር አይደለም፣ ከጀልባዋ ኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋን ሚያዞረውን ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ራደር ሚባለውን (ራዳር አይደለም፣ ሰው ሁሌ ነው ሚቀላቅለው)። እዚህ ያሉት ትንሽ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው መሪው ሲጎዳበት ሚጠይቃቸው ናቸው። የተወሰነውን መልስ ያወቅኩት አበላሽቼ ስለሆነ አንዳንዱ ላይ ትንሽ ልረዝም እችላለሁ።

የክፍሎቹን ስም እንኳን በደንብ አላውቅም፣ ከየት ልጀምር?

ውሃ ውስጥ ሚገባው ጠፍጣፋው ክፍል ብሌድ ነው። በእጃችሁ ምትይዙት ዱላ ቲለር ይባላል። ብሌዱ ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ (ትራንሰም) ላይ እንደ በር ከተሰቀለ ማጠፊያው ሁለት ነገር ነው፣ ፒኑ ፒንትል ይባላል፣ ፒኑ ሚገባበት ቀለበት ደሞ ገጀን። አንዳንዱ ላይ ብሌዱ በሁለት ጉንጭ መሀል በብሎን ተይዞ መሬት ሲነካ ወደላይ ይታጠፋል። ተለቅ ያሉት ጀልባዎች ላይ ግን ማጠፊያ ላይኖር ይችላል፣ ከብሌዱ ውስጥ የወጣ የብረት ዘንግ በጀልባዋ ሆድ በኩል በቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያልፋል። የናንተ የትኛው እንደሆነ ለዩ፣ ከዛ ሌላው ቀላል ነው።

ድንጋይ ነክቶ ታች ጫፉ ብቻ ተሸረፈ፣ ዝም ብዬ ልጠቀምበት?

ዛሬን ለመመለስ አዎ። ከዛ በኋላ ግን አይ። የሽርፍራፊው መጠን አይደለም ችግሩ፣ ላዩ ላይ ያለው የፋይበርግላስ (በሙጫ የደረቀ የመስታወት ክር ጨርቅ) ቆዳ አንዴ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ፎም (ጠንካራ ስፖንጅ መሳይ ነገር) ወይ እንጨት ውሃ መጠጣት ይጀምራል፣ እናንተ ደሞ ከውጪ ምንም አይታያችሁም። ሌላው ነገር፣ ታች ሲመታ ጉልበቱ ወደ ላይ ነው ሚሄደው። ብሌዱ እንደ ረጅም ዱላ ስለሆነ ታች የተመታው ላይ ነው ሚሰነጠቀው፣ ማለትም ከታችኛው ማጠፊያ ስር፣ ወይ ከሁለቱ ጉንጮች በሚወጣበት ቦታ፣ ባለ ዘንግ ከሆነ ደሞ ዘንጉ ብሌዱ ውስጥ ሚገባበት አፍ ላይ። ሰው ግን ጫፉን አይቶ ጫፉን ጠግኖ ይሄዳል። እኔ ብዙ ሰው እንዲገባው ምፈልገው ነገር ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የተመታበትን ሳይሆን ሚታጠፍበትን ቦታ ነው። እዛ ጋ ፀጉር ምታክል ስንጥቅ ካለች ጫፉን እርሱት፣ ዋናው ስራ እዛ ነው።

ይቺ ትንሽ ነገር ላይ ያን ያህል ጉልበት ያርፍባታል እንዴ?

እናስላው። 70 ሴንቲ ውሃ ውስጥ ሚገባ፣ 21 ሴንቲ ስፋት ያለው ብሌድ ወደ 0.15 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ5 ኖት (በሰአት 9 ኪሎሜትር ገደማ) እየሄዳችሁ መሪውን በደንብ ስታዞሩ ውሃው ጎን ለጎን ሚገፋው ወደ 50 ኪሎ ሚጠጋ ጉልበት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው ሚሆነው፣ ስለዚ በ10 ኖት ማዕበል ላይ እየተንሸራተታችሁ ከሆነ 200 ኪሎ። ይሄ ሁሉ ከማጠፊያው 35 ሴንቲ ወረድ ብሎ ነው ሚገፋው። አሁን 50 ኪሎ ሰው ብሌዱ መሀል ላይ ቢቀመጥ በሉና ያቺን ፀጉር ምታክል ስንጥቅ እንደገና እዩዋት።

ውስጡ ውሃ እንደገባ በምን አውቃለሁ?

አውጡትና መጀመሪያ አንሱት፣ ከበፊቱ ከከበዳችሁ ጥርጣሬ ነው። ከዛ በሳንቲም ወይ በካቻቪቴ እጀታ ከላይ እስከ ታች በየሁለት ሴንቲው ቆጭ ቆጭ እያረጋችሁ ስሙት። ደህናው ቦታ ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ወይ የበሰበሰው ደሞ ድፍን ያለ፣ ካርቶን እንደመምታት ነው። ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። በእርሳስ ድንበሩን አክብቡት፣ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት ሰፍቶ ነው ሚገኘው።

ሌላ ምልክት፣ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ ከቀናት በኋላም ብሌዱ ከታች ወይ ከስፌቱ ጠብ ጠብ ካለ፣ በተለይ የሚወጣው ውሃ ቡናማ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ብረት እየዛገ ነው። "ስቴንለስ አይዝግም" ሚሉ አሉ። ስቴንለስ ኦክስጅን ሲያገኝ ነው ማይዝገው፣ እርጥብ ፎም ውስጥ ታፍኖ ከተቀመጠ ቀስ እያለ ይበላል፣ ያውም ከላይ ሳይታይ እየተቦረቦረ። ስለዚ ቡናማ ውሃ ካያችሁ ቀልድ አይደለም።

እሺ ውሃ ገብቷል፣ እንዴት ነው ማደርቀው?

ከታች ጫፉ ጋ 6 ሚሊሜትር ምታክል ሁለት ሶስት ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ፣ ከላይም አንድ ሁለት፣ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድም። ቀጥ አርጋችሁ ስቀሉትና ተዉት። ብዙ ሰው ሁለት ቀን ጠብቆ ደረቀ ብሎ ይዘጋዋል፣ ከዛ ሁለት ወር ቆይቶ እዛው ጋ ያብጣል። ሳምንታት ነው ሚፈልገው እውነቱን ለመናገር፣ ክረምትም በጋም ይሁን ደረቅ ቤት ውስጥ ማራገቢያ እየነፈሰበት። ማሞቅ ይቻላል ግን በእጅ ተነክቶ ምቾት ማይነሳ ሙቀት፣ ከ50 ዲግሪ አይለፍ፣ ከዛ በላይ ፎሙም ቆዳውም ይለሰልሳል፣ ውስጥ የታፈነው እንፋሎት ደሞ ቆዳውን ገንጥሎ ያስነሳዋል። መድረቁን ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ በየሳምንቱ መዝኑት። ሁለት ሳምንት ተከታታይ አንድ አይነት ኪሎ ካነበባችሁ ደርቋል።

የጨው ውሃ ላይ የነበረ ከሆነ በቀዳዳዎቹ ንጹህ ውሃ አስገብታችሁ አጥቡት ከዛ አድርቁ፣ ጨው እርጥበት ይስባል።

በመኪና ስቱኮ ሞልቼ ቀለም ብቀባውስ?

አይ። እኔ አርጌዋለሁ ስለዚ በደንብ ልናገር። መጀመሪያ ያገኘሁት መሪ ከማጠፊያው ስር ተሰንጥቆ ነበር፣ እኔም የመኪና ስቱኮ ሞላሁበት፣ አሸሁት፣ ቀባሁት፣ እንደ አዲስ አማረ፣ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። አራተኛው ጉዞ ላይ ጠንከር ያለ ነፋስ ሲመጣ ቲለሩ ድንገት እጄ ላይ ቀለለ፣ ዞር ስል ግማሹ ብሌድ ኋላዬ እየተንሳፈፈ ነው። ስቱኮ ማለት ፖሊስተር ሚባል ሙጫ ከደቃቅ ዱቄት ጋር ነው፣ ውስጡ አንድም ክር የለውም፣ ስለዚ ሲታጠፍ ሚይዘው ነገር የለም፣ በዛ ላይ ያ ዱቄት ውሃ ይጠጣል። ስንጥቅ መሙላት ሌላ፣ ስንጥቅ ማሰር ሌላ። ጉልበት ባለበት ቦታ ሚይዘው ክር ነው፣ ሙጫው ክሩን አንድ ላይ ማቆያ ብቻ ነው።

ኢፖክሲ ወይስ ፖሊስተር?

ሁለቱም ማጠንከሪያ ሲቀላቀልባቸው ሚደርቁ ሙጫዎች ናቸው። ለጥገና ኢፖክሲ። ጀልባዋ ስትሰራ ፖሊስተር ተጠቅመው ሊሆን ይችላል፣ እሱ ችግር የለውም፣ ሁሉም ነገር ትኩስ እያለ ስለተሰራ ነው። ድሮ የደረቀ ነገር ላይ ሲለጠፍ ግን ኢፖክሲ በጣም የተሻለ ይይዛል፣ ሲደርቅም ብዙም አይኮማተርም። ኢፖክሲ የደረቀ ፖሊስተር ላይ ይለጠፋል፣ ተገላቢጦሹ ግን አይመከርም፣ ስለዚ አንዴ በኢፖክሲ ከጀመራችሁ በዛው ጨርሱ።

የመስታወት ጨርቁን ስትመርጡ ደሞ ተጠንቀቁ፣ እንደ ገለባ የተበተነ የመሰለው ማት ሚባለው አብዛኛው ለፖሊስተር የተሰራ ነው፣ ክሮቹን አንድ ላይ የያዘው ማጣበቂያ በፖሊስተር ነው ሚሟሟው፣ በኢፖክሲ እንደደረቀ ይቀራል። የተሸመነ ወይ የተሰፋ ጨርቅ ውሰዱ። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ያለው ለትንሽ መሪ ይበቃል፣ ክሩ በ45 ዲግሪ ግራና ቀኝ የተሰፋው ባይአክሲያል ሚባለው ደሞ መጠምዘዝን ይቋቋማል። ቁመቱን ተከትሎ ሚሄድ ክር ግን የግድ ያስፈልጋል፣ መታጠፍን ሚሸከመው እሱ ነው።

ስንጥቁን በትክክል እንዴት ነው ሚጠገነው?

ቦታውን በአሴቶን ወይ በዘይት ማስለቀቂያ ጥረጉ፣ የብርጭቆ ወረቀት ከማስነካታችሁ በፊት ማለቴ ነው። በኋላ ከሆነ ሰሙንና ዘይቱን ወደ ውስጥ ነው ምትፈጩት።

ከዛ ስንጥቁን ክፈቱት። አዎ ክፈቱት፣ ያስፈራል ግን ስንጥቅ ላይ ዝም ብሎ ጨርቅ መለጠፍ ዋጋ የለውም። በግራይንደር የላላውን ሁሉ እስከ ደህናው ድረስ አውጡ፣ ከዛ ጠርዙን እንደ ሳህን ቀስ እያለ ሚያዘቀዝቅ አርጉት። ልኩ የቆዳው ውፍረት በ12 ሲባዛ ነው፣ ቆዳው 3 ሚሊ ከሆነ በየጎኑ 36 ሚሊ ታዘቀዝቃላችሁ። ብዙ ይመስላል አውቃለሁ። ግን አዲሱ ጨርቅ አሮጌውን ሚይዘው በዚ ስፋት ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ሚያገናኛቸው ነገር የለም፣ ስፋቱን ከቆጠባችሁ ጥንካሬውን ነው የቆጠባችሁት።

ፎሙ የበሰበሰ ከሆነ በመሮ አውጥታችሁ በተዘጋ ቀዳዳ ፎም (ውሃ ማይጠጣው የፒቪሲ አይነት) ቁራጭ ቆርጣችሁ በወፈረ ኢፖክሲ (ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደ ሊጥ በሆነ) ለጥፉበት። እየተነፋ ሚሞላው ፈሳሽ ፎም ቀላል ነው ግን ብዙው ከጊዜ በኋላ ውሃ ይጠጣል፣ ያው ወደ ጀመራችሁበት ትመለሳላችሁ።

ጨርቁን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ ኢፖክሲ ከተቀላቀለ በኋላ መቀስ ፍለጋ መሮጥ የለም። ከትልቁ እስከ ትንሹ፣ እያንዳንዱ ካለፈው በየጎኑ አንድ ሴንቲ ያህል ያነሰ። ትልቁ መጀመሪያ ይሁን ትንሹ ሚለው ላይ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ ትልቁን መጀመሪያ ነው ማስቀምጠው፣ ሰፊው ጨርቅ አሮጌውን በሙሉ ይነካል፣ በኋላም ሳሸው እሱን አልቆርጠውም። መጀመሪያ ቦታውን ባልወፈረ ኢፖክሲ በብሩሽ አርጥቡ፣ ከዛ ጨርቁን አስቀምጣችሁ ነጭነቱ ጠፍቶ ጥርት እስኪል ድረስ በብሩሽ ንኩት። ሚያብለጨልጭ ኩሬ ካለ በፕላስቲክ መጥረጊያ አውጡት፣ ብዙ ሙጫ ማለት ጠንካራ ማለት አይደለም፣ ከባድና ተሰባሪ ማለት ነው። ላዩ ላይ ፒል ፕላይ ሚባለው ሚላጥ ጨርቅ ካለ አልብሱት፣ ሲደርቅ ሲላጥ ማሸቱን ግማሽ ያቀልላችኋል።

አንዱን ጎን ብቻ ጠግናችሁ እንዳታቆሙ። ብሌድ ሲታጠፍ አንዱ ጎን ይሳባል ሌላው ይጨመቃል፣ ቲለሩን በተቃራኒ ስታዞሩ ደሞ ይገለበጣል። ስለዚ ሁለቱም ጎን እኩል ጨርቅ።

ኢፖክሲዬ ሁለት ቀን ሆኖት አሁንም ያጣብቃል፣ ምንድነው?

ወይ ልኩን አላመጣችሁትም ወይ በደንብ አልተቀላቀለም ወይ ቅዝቃዜ ነው። ፖሊስተር ላይ ማጠንከሪያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ ትንሽ ብትጨምሩ ቶሎ ይደርቃል። ከዛ የመጣ ሰው ኢፖክሲ ላይም ሃርድነር (ማጠንከሪያውን) ጨመር ያረጋል ቶሎ እንዲደርቅ፣ ግን ኢፖክሲ እንደዛ አይሰራም። ሁለቱ በልክ ነው ሚያያዙት፣ ቆርቆሮው ላይ 2 ለ1 ካለ 2 ለ1፣ 5 ለ1 ካለ 5 ለ1፣ በክብደት ነው ወይስ በይዘት ሚለውንም አንብቡ። የተረፈው ሃርድነር ሚጋባው አጥቶ ለዘላለም እንዳጣበቀ ይቀራል። ቀዝቃዛ ከሆነ (ከ15 ዲግሪ በታች) አሙቁትና አንድ ቀን ጠብቁ። እንደዛም ካልሆነ ፋቁት፣ ከላይ ሌላ ንብርብር መጨመር አያድነውም።

ደርቆ ላዩ ላይ ሰም መሳይ ሚያንሸራትት ነገር ካገኛችሁ ግን ኖርማል ነው፣ በውሃና በሻካራ ስፖንጅ እጠቡት፣ ከዛ በኋላ ነው ማሸት። ሳያጥቡ ሚቀጥለውን ንብርብር ወይ ቀለም ከደረባችሁበት ይላጣል።

ኩባያው ጨሰ!

ብዙ በአንዴ ስለቀላቀላችሁ ነው። ኢፖክሲ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ፕላስቲኩን እስኪያቀልጥ ይደርሳል። ወደ ውጪ አውጡት፣ ጭሱን አትሳቡት። ሁለተኛ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቀላቅሉና ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አፍስሱት።

መሪዬ የእንጨት ነው፣ ይለያል?

ሀሳቡ ያው ነው። በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አርጉት፣ ሚሰምጥበት ቦታ በስብሷል፣ እሱን ቆርጣችሁ አውጡ። ተሰብሮ ከሆነ ጫፍ ለጫፍ ማጣበቅ አይሰራም፣ ሁለቱን ጫፍ በሰያፍ ቆርጣችሁ መደራረብ ነው፣ የሰያፉ ርዝመት ቢያንስ የውፍረቱ 8 እጥፍ፣ 20 ሚሊ እንጨት ከሆነ 16 ሴንቲ። የኮምፔርሳቶ ከሆነ ለጀልባ የተሰራውን ውሰዱ፣ ቢኤስ 1088 ሚል ምልክት ያለበት ውስጡ ክፍተት የለውም። ተራው ኮምፔርሳቶ መሀሉ ላይ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይችላል፣ እናንተ ሳታዩት ውሃ እዛ ይተኛል።

የተቆረጠው ጠርዝ ነው የእንጨት ጠላቱ። ውሃ በጎን አይገባም ያህል ነው፣ በክሩ ጫፍ በኩል ግን እንደ ገለባ ይመጠዋል። ጠርዞቹን ሶስት ጊዜ ኢፖክሲ አጠጡ፣ እርጥብ ላይ እርጥብ እየደረባችሁ።

ከጠገንኩት በኋላ ቅርጹን እንዴት ላምጣው?

ይሄ ደስ ሚለው ክፍል ነው። መሪ ጠፍጣፋ ሳንቃ አይደለም፣ በአግድም ብትቆርጡት እንደ አሳ ነው፣ ፊቱ ክብ ያለ፣ ኋላው እየሳሳ ሚሄድ። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ ሚወሰደው ናካ 0012 ሚባለው ቅርጽ ነው፣ 12ቱ ማለት ውፍረቱ የስፋቱ 12 በመቶ ነው ማለት ነው፣ በጣም ሚወፍርበት ቦታ ደሞ ከፊት 30 በመቶ ላይ። 20 ሴንቲ ስፋት ላለው ብሌድ 24 ሚሊ ውፍረት፣ ከፊት 6 ሴንቲ ገባ ብሎ። የፊት ጠርዙን ሹል አታርጉት፣ ሹል ከሆነ ትንሽ ስታዞሩት ውሃው ከብሌዱ ይላቀቅና መሪው መያዙን ያቆማል።

ያልተጎዳውን ጎን በካርቶን ቅረጹ፣ ካርቶኑን ገልብጣችሁ የተጠገነው ጎን ላይ አስቀምጡ፣ ብርሃን በየት በኩል እንዳለፈ ታያላችሁ። ዝቅ ያለውን በቀላል ስቱኮ (ኢፖክሲ ማይክሮባሉን ከሚባለው ቀላል ዱቄት ጋር፣ የመኪናውን አይደለም) ሙሉት። ይሄ ማስተካከያ ብቻ ነው፣ ጥንካሬ የለውም። በእጅ መዳፍ አትሹ፣ መዳፍ ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፣ ረዘም ያለ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፉና በሰያፍ እየመላለሳችሁ ሹ፣ በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሩ፣ በ220 ገደማ ጨርሱ። አይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ብትዳብሱት ከአይን በላይ ያገኛል።

ፍጥነት ስጨምር መሪው ይዘምራል፣ ቲለሩም እጄ ላይ ይንዘረዘራል

አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጠርዙ ነው። ክብ ከሆነ ወይ ሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ ውሃው ግራ ቀኝ እየተፈራረቀ ይላቀቃል፣ ብሌዱም እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። ጠርዙን ቀጥ አርጋችሁ 2 ሚሊ ገደማ ስፋት እንዲኖረው በስለታም ማዕዘን ቁረጡት፣ አልተወ ካለ ጠርዙን ወደ አንድ ጎን ሰያፍ አርጉት። ሞረድ ይዛችሁ ግማሽ ሰአት ነው። መጀመሪያ ግን ማጠፊያው አለመላላቱን እዩ።

ማጠፊያው ላልቶ ቋ ቋ ይላል

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ፒኑ ወይ ቀለበቱ ተበልቷል፣ ወይ ደሞ ይዞት ያለው ብሎን ላልቷል። ለመለየት አንድ ሰው ብሌዱን ያወዛውዝ፣ እናንተ ጣታችሁን መገጣጠሚያው ላይ አርጉ።

ቀለበቱ ከሰፋ ቦኮላ (ቀለበቱ ውስጥ ሚገባ ማጥበቢያ ቱቦ) ማስገባት ይቻላል። ናይሎን አትጠቀሙ፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና መሪው አልዞር ይላችኋል፣ አሴታል (ዴልሪን ሚባለው) ይሻላል። ሁለቱን ቀለበት መልሳችሁ ስታስሩ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱም አሳልፋችሁ አስተካክሉ፣ አንዷ ትንሽ ከጠመመች ቲለሩ ሁሌ ይከብዳል።

ብሎኑ ከሆነ ዝም ብላችሁ አታጥብቁት። አውጡትና ቀዳዳውን እዩ፣ እንጨቱ ወይ ፎሙ እርጥብ ከሆነ ቀዳዳውን አስፍታችሁ ብሱ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ በትክክለኛው ልክ እንደገና ብሱ። አሁን ብሎኑ ሚያልፈው በጠንካራ ኢፖክሲ ውስጥ ነው፣ ውሃ ቢያልፍ እንኳን እንጨቱን አያገኘውም። ከኋላ ሰፊ ሮንዴላ ወይ የብረት ሳህን አርጉ፣ ማሸጊያውን ቅቡ። ብቻ ስሪኤም 5200 ሚባለውን አይነት ለዘላለም ሚይዝ ማሸጊያ ለእንደዚ አይነት እቃ ባትጠቀሙ ይሻላል፣ ለማውጣት ስትሞክሩ ትራንሰሙን አብሮ ይነቅለዋል። ስቴንለስ ብሎን አልሙኒየም ላይ ከገባ መሀላቸው መለያ ቅባት ይኑር፣ ካልሆነ አልሙኒየሙ ይበላል።

ቲለሩን ሳዞር ዘንጉ ይዞራል ብሌዱ ግን ይዘገያል

መጥፎ ዜና ነው። ባለ ዘንግ መሪ ውስጥ ዘንጉ ላይ የተበየዱ የብረት ክንፎች አሉ፣ ብሌዱን ሚይዙት እነሱ ናቸው። ብሌዱን ሁለት ሰው ይያዘው፣ ቲለሩን በቀስታ ግፉት፣ መሀላቸው እንቅስቃሴ ካለ ወይ ብየዳው ለቋል ወይ ክንፉ ከፎሙ ተላቋል። አንዱን ጎን እንደ መስኮት ቆርጦ ከፍቶ ማየት ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ብየዳውን ስቴንለስ ሚችል ሰው ይስራው፣ ፎሙ አጠገብ እያለ ግን አይበየድም። ዘንጉ ከታጠፈ ደሞ እኔ ማቃናትን አልወድም፣ አንዴ የታጠፈ ብረት እዛው ቦታ ላይ ደክሟል፣ አዲስ ዘንግ።

ለማውጣት ደሞ ጀልባዋ ከፍ ማለት አለባት፣ ካልሆነ ከስሩ ጉድጓድ ይቆፈራል። ውሃ ላይ እያላችሁ ምትፈቱት ከሆነ (ማጠፊያ ያለውን ማለቴ ነው) መጀመሪያ በገመድ እሰሩት። ስንቱ ነው ፒኑን አውጥቶ መሪው ሲሰምጥ ያየው።

መሀል ውሃ ላይ ቢሰበርብኝስ?

መጀመሪያ ሸራውን አላሉት፣ ጀልባዋ ትረጋጋ። የተሰበረውን ቁራጭ ከቻላችሁ አንሱት፣ በኋላ ቅርጹን ለመቅዳት ይጠቅማል።

ጀልባ ያለ መሪም ይሄዳል፣ ያውም ከምታስቡት በላይ። ዋናውን ሸራ ስትስቡ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዞራል፣ አላልታችሁ የፊቱን ሸራ ስትስቡ ከነፋሱ ትሸሻለች። ትንሽ ጀልባ ላይ ሰውነታችሁም መሪ ነው፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ካዘነበለች ወደ ነፋሱ ትዞራለች፣ ወደ ነፋሱ መጪ ጎን ካዘነበለች ትሸሻለች። መቅዘፊያ ካለ ከኋላ ይዛችሁ እንደ መሪ ተጠቀሙበት። ተለቅ ያለ ጀልባ ከሆነ ባልዲ በሁለት ገመድ ከኋላ ግራና ቀኝ አስራችሁ ጎትቱ፣ በቀኝ በኩል ያለውን ስትስቡ ባልዲው ወደ ቀኝ መጥቶ በዛ በኩል ይይዛታል፣ እሷም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ቀርፋፋ ነው ግን ይሰራል። ሌላ ጀልባ ሚጎትታችሁ ከሆነ ሴንተርቦርዱን (ከጀልባዋ ሆድ መሀል ወደ ውሃ ሚወርደውን ሳንቃ) ወደ ላይ ሳቡ፣ ሰውም ወደ ኋላ ይቀመጥ፣ ካልሆነ ግራ ቀኝ እየተወናጨፈች ታስቸግራለች።

ቀለምስ?

ኢፖክሲ ፀሐይ አይወድም፣ ካልተሸፈነ ይቦናል፣ ይሰነጣጠቃል። ሁለት ሶስት ንብርብር የኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት ሚቀባ መነሻ)፣ ከላይ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ፖሊዩሬቴን። የጀልባዋ የመጀመሪያ ጄልኮት (ሲሰራ ላዩ ላይ የተቀባው ሚያብለጨልጭ ሽፋን) ኢፖክሲ ላይ አስቸጋሪ ስለሆነ በቀለም ብትሄዱ ይሻላል። ጀልባዋ ሁሌ ውሃ ውስጥ ምትቀመጥ ከሆነ አረም መከላከያውን ቀለም ከላይ ጨምሩ።

ውድድር ላይ ነው ምጠቀምበት፣ መጠገን ይፈቀዳል?

መጠገን ይፈቀዳል፣ ማሻሻል ላይፈቀድ ይችላል። ሌዘር (አሁን ኢልካ ሚባለው) እና ኦፕቲሚስትን የመሰሉ ሁሉም አንድ አይነት እንዲሆኑ ሚፈለጉ ጀልባዎች ላይ የመሪውን ቅርጽ መቀየር አይቻልም፣ ከላይ የነገርኳችሁን ናካ ምናምን እዛ እንዳትሞክሩ። የጀልባችሁን አይነት (ክላሱን) የውድድር ህግ መጀመሪያ አንብቡ።

ጓንትና ማስክ የግድ ነው?

የግድ። ኢፖክሲ አለርጂ አንዴ ከያዛችሁ እድሜ ልክ ነው፣ ከዛ በኋላ ክፍሉ ውስጥ መግባት እንኳን ያሳክካችኋል። ናይትራይል ጓንት አርጉ፣ እጃችሁ ከነካው በሳሙና እንጂ በአሴቶን አትጠቡ፣ አሴቶን አቅጥኖ ወደ ቆዳ ያስገባዋል። የፋይበርግላስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን የብናኝ ማጣሪያ ያለው።

ልጠግነው ወይስ አዲስ ልግዛ?

ቆዳው ደህና ሆኖ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ጠግኑት። ሳንቲም ስትመቱበት ግማሹ ብሌድ ድፍን ካለ፣ ወይ ውስጥ ያለው ብረት ከዛገ፣ ጥገናው አዲስ ከመስራት ይበልጣል ስራው። የማጠፊያ መሪ ከሆነ ራሳችሁ ከኮምፔርሳቶ አዲስ መስራት አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ማድረቂያውን ሳይጨምር፣ እና ከአሮጌው ሊሻል ይችላል።

ጨርሻለሁ፣ መያዙን በምን ላረጋግጥ?

ኢፖክሲው አንድ ሳምንት ይቆይ፣ በአንድ ቀን ይጠነክራል ግን ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት ቀናት ይፈልጋል። ከዛ የብሌዱን የላይኛውን ክፍል ጠረጴዛ ላይ በሞርሴቶ አጥብቃችሁ ብሌዱ በአግድም ወደ ውጪ እንዲወጣ አርጉ፣ መሀሉ ላይ ቀስ እያላችሁ ክብደት ስቀሉ፣ 10 ኪሎ፣ 20፣ እስከ 50። ጆሯችሁን አቅርቡ። ትንሽ መታጠፍ ምንም አይደለም፣ ጥርቅ ካለ ግን አቁሙ። ገልብጣችሁ በሌላውም ጎን። የመጀመሪያው ቀን ለስላሳ ነፋስ ላይ፣ ዳር ዳሩን፣ መቅዘፊያ ይዛችሁ ውጡ፣ ስትመለሱ ብሎኖቹን አጥብቁና የጠገናችሁትን ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳብሱት፣ ጥፍር ሚይዝ መስመር ከወጣ ወደ ግራይንደሩ ነው መመለስ።